ቀረጡ ተነሳ፤ ኮንቴይነሩስ?

(ከቻይና ጋር ስላለን ንግድ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ)

ከቻይና ጋር ያለንን ንግድና የኢኮኖሚ ትብብር ስለማጠናከር ሰሞኑን እጅ በእጅ ሲዞር የሰነበተውን ጽሑፍ ደጋግመን አንብበነዋል። ጸሐፊው የተነሱበት ጭንቀት የእኛም ነው። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1970 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ከጀመሩ ወዲህ መንገዱም፣ ባቡሩም፣ ፋብሪካውም መጥቷል፤ የንግዱ ሚዛን ግን ዛሬም ወደ አንድ ወገን እንዳዘነበለ ነው። የተለያየነው መድኃኒቱ ላይ ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ አምስት ነገር ይላል። ቻይና ቀረጥ ስላነሳችልን ገበያው ተከፍቷል፣ የቀረን ምርት ማብዛት ብቻ ነው፤ ከቻይና የምናስገባው ወደ ቻይና በምንልከው ልክ ይወሰን፤ እንደ ዱከሙ ያሉ የኢንዱስትሪ ዞኖች በበዙ ቁጥር ዕውቀቱ በራሱ ይሸጋገራል፤ ለመሠረተ ልማት የተወሰደው ብድር ራሱን ይከፍላል፤ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እኩል ሰጥተን እኩል መቀበል አለብን።

እኛ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መስመር በማበጠሪያ መጋዘን፣ በትራንዚት ሥራና በማሽን ጥገና የምንውል ሰዎች ነን። አቅማቸው እኩል ባልሆነ በሁለት አገሮች መካከል ያለውን ክፍተት የሚያሰፋው ቤጂንግ ላይ ከሚፈረመው ስምምነት ይልቅ እዚህ ገላን ላይ ሳይሠራ የሚቀረው ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ነጥቦቹን በተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ቀረጡ። ቻይና ግንኙነት ላላት፣ እጅግ አነስተኛ ልማት ላላቸው አገሮች በሁሉም የዕቃ ዓይነት ላይ ቀረጥ ያነሳችው ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ነገር ግን ኢትዮጵያ ከማርች 2023 ጀምሮ 98 በመቶ በሚሆነው የዕቃ ዓይነት ላይ ነፃ ነበረች። ለሌላው አገር 10 በመቶ የሚጠየቅበት ሰሊጥና 8 በመቶ የሚጠየቅበት ጥሬ ቡና ከእኛ ሲሄዱ ያኔም ቀረጥ አልነበረባቸውም። እንደ ስንዴ፣ ስኳርና ጥጥ ባሉ የኮታ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ነፃነቱ የሚሠራው ኮታው እስኪሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ የተከፈተው በር ጽሑፉ እንደሚለው ሰፊ አይደለም። በሩም ለእኛ ብቻ አልተከፈተም፤ ሰሊጥ የሚልኩት ኒጀር፣ ታንዛኒያና ሞዛምቢክም ያለ ቀረጥ ይገባሉ። በጁን 2025 ደግሞ ቻይና ይህንኑ ዕድል ለ53 የአፍሪካ አገሮች ለማስፋት ማሰቧን አስታውቃለች፤ በሰሊጥ የምትፎካከረን ናይጄሪያ ከእነዚህ አንዷ ናት። ሁሉም ያለው ጥቅም ማንንም አያስቀድም።

ታዲያ የኛን ሰሊጥ የሚያስቆመው ምንድን ነው? አንዱ ምዝገባ ነው። የቻይና ጉምሩክ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው በቁጥር 248 ድንጋጌ (ከጁን 2026 ጀምሮ ተተኪው ቁጥር 280 ነው) መሠረት ወደዚያ የሚገባ ምግብ የተዘጋጀበትና የተከማቸበት ድርጅት አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። የቅባት እህል፣ ደረቅ ጥራጥሬ፣ ቅመማ ቅመምና ያልተቆላ ቡና በቁጥር 248 ባለቤቱ ራሱ አመልክቶ ከሚጨርስባቸው ዓይነቶች ውስጥ አልነበሩም፤ የላኪው አገር ባለሥልጣን መርምሮ ስሙን እንዲያቀርብ ከሚጠየቅባቸው 18 ዓይነቶች ውስጥ ነበሩ። ምዝገባው ለ5 ዓመት ያገለግላል። ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተመዘገበው መጋዘን ሲሞላ ጭነቱ ጎረቤት መጋዘን ገብቶ ይበጠራል፤ ድርጅቱ ከቃሊቲ ወደ ገላን ሲዛወር አድራሻው ሳይስተካከል ይቀራል፤ የድርጅቱ ስም በውሉ ላይ በአንድ ፊደል፣ በዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ ላይ በሌላ ፊደል፣ በቢል ኦፍ ሌዲንጉ (በመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ በሦስተኛ ይጻፋል። እዚህ ማንም ልብ የማይለው የአንድ ፊደል ልዩነት ጭነቱን ቺንግዳዎ ወደብ ላይ ያቆመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስሙ በምዝገባው ላይ እንደተጻፈ አንድ ወረቀት ላይ ታትሞ ለባንኩ፣ ለትራንዚተሩ፣ ለመርከብ ድርጅቱና ሰርተፊኬት ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ይሰጥ፤ ማንም ከአፍ ሰምቶ አይጻፈው።

ሌላው ንጽሕና ነው። ጸሐፊው ምርት ማብዛት ይበቃል ሲሉ ይህን አላዩትም። ለቻይና ገዢ የሚፈረመው የሰሊጥ ውል አብዛኛውን ጊዜ ንጽሕናው 98 ወይም 99 በመቶ፣ እርጥበቱ ከ6 ወይም ከ7 በመቶ ያልበለጠ፣ የዘይቱ አሲድነት ከ2 በመቶ ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል። የአንድ በመቶ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። 19 ቶን በሚጭን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ላይ ግን 190 ኪሎ አፈርና ገለባ ማለት ነው፤ ከሁመራ ወይም ከመተማ የጭነት ተከፍሎበት፣ የመርከብ ተከፍሎበት ባሕር የሚሻገር ቆሻሻ።

የማበጠሪያውን መስመር ለማያውቅ ሰው እንግለጸው። እህሉ ከመቀበያው ጉድጓድ በኤሌቬተር ይወጣል፤ ወንፊቱ ገለባና አቧራውን፣ ድንጋይ ለቃሚው ጠጠሩን፣ የክብደት ጠረጴዛው የተጨማደደውንና ቀላሉን ፍሬ፣ ከለር ሶርተሩ ደግሞ ቀለሙ የጠቆረውን ይለያል። ድንጋይ ለቃሚውም ጠረጴዛውም የሚሠሩት ከሥር በሚነፋ አየርና በተመጠነ ዘንበል ማለት ነው። የመርከብ ቀን ሲደርስ ባለቤቱ ፍጥነቱ እንዲጨመር ያዛል። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው የእህል ንጣፍ ይወፍራል፣ አየሩ ሊያንሳፍፈው ያቅተዋል፣ ጠጠሩ ከሰሊጡ ጋር ተቃቅፎ ይወጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሌሊቱን የተበጠረው ጠዋት ናሙናው ሲታይ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል።

ከለር ሶርተሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጥቁሩን ፍሬ ካሜራው ያየዋል፣ የታመቀ አየር እፍ ብሎ ያስወጣዋል። ያንን አየር የሚለቁት ትንንሽ ቫልቮች ውኃና ዘይት አይችሉም። ኮምፕሬሰሩ አየር ማድረቂያ ከሌለው፣ ወይም ፊልተሩ በጊዜው ካልተለወጠ፣ ቫልቮቹ አንድ በአንድ ይደፈናሉ፤ ማሽኑ ግን ድምፁም መብራቱም ጤነኛ ስለሆነ ኦፕሬተሩ አያውቅም። የሚታወቀው ከተለየው ቆሻሻ መጠን ነው፤ የጥቁሩ ጆንያ ካለፈው ፈረቃ ቀስ ብሎ እየሞላ ከሆነ መስመሩን አቁሞ ቫልቮቹን መፈተሽ ያስፈልጋል። መብራት ብልጭ ድርግም ሲልም ሥራ ላይ የነበረው እህል ሳይለይ ወደ ንጹሑ ጋን ይወርዳል። መብራቱ ተመልሶ የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ጆንያዎች ወደ መቀበያው ጉድጓድ መመለስ አለባቸው። ብዙ መጋዘን ውስጥ ግን በቀጥታ ይሰፋሉ።

ከዚያ ኮንቴይነሩ አለ። 50 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ 380 ጆንያ ይጭናል። ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ገብቶ በሩ ይዘጋበት፤ በጨለማው ውስጥ የብርሃን ጭረት ካየ ያ ኮንቴይነር ይመለስ። ወለሉ የረጠበ ወይም ኬሚካል የሸተተም እንደዚሁ። ግድግዳውና ወለሉ በክራፍት ወረቀት ይሸፈን፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ይሰቀልበት፤ በላይኛው ረድፍና በጣሪያው መካከልም ክፍተት ይተው። ምክንያቱም በክረምቱ የገላን ቅዝቃዜ የተዘጋ አየር ጅቡቲ ሙቀት ላይ ይደርስና ባሕር ላይ ሌሊት መልሶ ሲቀዘቅዝ ከጣሪያው እንደ ዝናብ ይንጠባጠባል። የላይኛው ረድፍ ይሻግታል፤ ገዢው ደግሞ ናሙና የሚወስደው በሩን ሲከፍት ከሚያገኘው ነው። ዝናብ እየዘነበ በሸራ ከልሎ መጫን የሚያተርፈው ግማሽ ቀን ነው፤ የሚያስከፍለው ጠቅላላውን ጭነት።

ክፍያውም አለ፣ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው። የኛ ላኪዎች በብዛት የሚሸጡት በካድ ነው፤ ዕቃው ይሄዳል፣ ሰነዱ በባንክ ይላካል፣ ገዢው ከፍሎ ሰነዱን ይረከባል። መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ የሰሊጥ ዋጋ ከወረደ ገዢው ሰነዱን አላነሳም ብሎ ይቆያል፤ ወደቡ ላይ ዲመሬጅ (ዕቃው በቆየ ቁጥር የሚከፈል ቅጣት) ይቆጥራል፤ ላኪው ቅናሽ ይሰጣል። የአቅም ልዩነት በተግባር የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ገዢው መጠበቅ ይችላል፣ ላኪያችን አይችልም። የሚቻለው በባንክ የተረጋገጠ ኤልሲ (ሰነዱ ሲሟላ ባንክ ራሱ ሊከፍል ዋስ የሚሆንበት ደብዳቤ) ማስከፈት ነው። ያ ካልተቻለ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ መቀበል፣ ጥራቱንም ሲጫን በገለልተኛ መርማሪ አስመርምሮ ያ ውጤት የመጨረሻ እንዲሆን በውሉ ማስጻፍ ይገባል። የግልግል ዳኝነት አንቀጽም አይዘለል። ኢትዮጵያ በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እንዲፈጸም የሚያደርገውን የኒው ዮርክን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብላለች፣ ቻይናም አባል ናት፤ ስለዚህ በግልግል የተገኘ ውሳኔ እዚያ አገር ሊፈጸም ይችላል። ሳይጻፍ የቀረ አንቀጽ ግን ማንንም አያስገድድም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ከቻይና የምናስገባው በምንልከው ይወሰን የሚለው፣ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ቡናችንን ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጀርመንና አሜሪካ፣ አበባችንን ኔዘርላንድ ይገዛል፤ ከዚያ የሚገኘው ዶላር ከቻይና ማሽን ቢገዛ ጉዳት የለውም። መመዘን ያለበት የምናስገባው ምን እንደሆነ ነው። ገደቡ ቢጣል መጀመሪያ የሚቆመው ያ የሶርተር ቫልቭ ነው፤ የፕላስቲክ ዕቃው ሌላ መንገድ አያጣም። ሚዛኑን ለዓመታት ያበላሸው ሌላ ነገር ነበር። ብዙ ላኪ ሰሊጡን አገር ውስጥ ከገዛበት ባነሰ ዋጋ ለቻይና ገዢ ሸጦ፣ ያገኘውን ዶላር ለገቢ ዕቃ አውሎ ኪሳራውን በዚያ ያወራርድ ነበር። ይህ ማለት የራሳችንን ምርት ዋጋ የጣልነው እኛው ነን። ከጁላይ 29 ቀን 2024 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ለዚህ ሥራ የነበረውን ምክንያት አሳንሶታል፤ ጸሐፊው የሚጠይቁት ገደብ ግን ዶላርን እንደገና የሚታደል ዕቃ አድርጎ ያንኑ ንግድ ይመልሰዋል።

ሦስተኛው የዱከም ጉዳይ ነው። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በቻይና ባለሀብቶች ተመሥርቶ፣ ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ ሁዋጂያን ጫማ እያመረተ ሲልክበት እናውቃለን። በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ ሰጥቷል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ዕውቀት አጥር ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ወደ ውጭ አይፈስም። የኢንቨስትመንት ሕጋችን የውጭ ባለሙያ ሲቀጠር ኢትዮጵያዊ አሠልጥኖ እንዲተካው ይጠይቃል፤ ሥራ ላይ የሚታየው ግን ፈቃዱን በየዓመቱ ማደስ ነው። ሊደረግ የሚገባው ፈቃዱ ሲታደስ ተተኪው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ማሽን ብቻውን ማስተካከል እንደቻለ በጽሑፍ ማቅረብ፣ መርማሪውም ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ሲሠራ እንዲያየው ማድረግ ነው።

ዞኑ ከአካባቢው ጋር የሚተሳሰረው በሚገዛው ዕቃ ነው። ጫማ እንውሰድ። ቻይና የእኛ ምርት ነው ብላ ቀረጥ የምታነሳው ከውጭ የመጣው ጥሬ ዕቃ ተሠርቶ የታሪፍ ምድቡ ከተለወጠ፣ ወይም እዚህ የተጨመረው እሴት ቢያንስ 40 በመቶ ከሆነ ነው። ሶሉ፣ ማጣበቂያው፣ ክሩና ካርቶኑ ሁሉ ከውጭ መጥቶ እዚህ ብቻ ከተሰፋ እሴቱ እዚህ ቀረ ማለት ያስቸግራል። ቆዳውስ? መንግሥት ጥሬ ቆዳና ሌጦ እንዳይወጣ 150 በመቶ ታክስ ጥሎበት ነበር፤ ፋብሪካዎቹ ግን አሁንም ጥሩ ቆዳ ይፈልጉና ያጣሉ። ምክንያቱ ከፋብሪካው በር ውጭ ነው። የበግና የፍየሉ ሌጦ በቅማልና በመሰል ጥገኞች በሚመጣው እከክ ተበጣጥቋል፤ በፋሲካና በመስቀል ቤት ውስጥ የታረደው በቢላዋ ተበጣጥሷል፤ ደግሞም በአንድ ጊዜ ስለሚበዛ ሰብሳቢው ሳይደርስበት ይሸታል። ሌጦ ከተገፈፈ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከክብደቱ ሲሶ እስከ ግማሽ በሚሆን ጨው ሥጋ በነበረው ወገን በኩል ሊታሽ ይገባል። ለበዓል ዋዜማ ጨውና ሰብሳቢ በየቀበሌው ማዘጋጀት፣ በጎቹን በዓመት በተወሰነ ጊዜ ማጥመቅ፣ ከአዲስ ዞን አጥር በጣም ይረክሳል፤ ለዱከምም ለሞጆም ፋብሪካ የሚጠቅመው ይኸው ነው። አንድ ነገር እንጨምር፤ በእነዚህ ፓርኮችና ዞኖች ከተሠራው ብዙው ይሸጥ የነበረው ለአሜሪካ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (ለአፍሪካ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ መግባትን ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ስንወጣ ትእዛዝ ቀንሷል፣ ሠራተኛም ተበትኗል። አጥር ሠርቶ ገበያን በአንድ ሕግ ላይ ማንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል አይተናል።

አራተኛው ብድሩ ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በጣም እንለያያለን። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድና 41 ባቡሮች ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ፤ ተሳፋሪው ግን ነበረ። ብድሩ በዶላር ይከፈላል፣ ቲኬቱ በብር ይሸጣል። እስከ ጁላይ 2024 አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ስሌት ማንኛውም የብር ገቢ ብቻ ያለው ፕሮጀክት ራሱን ሊከፍል አይችልም። አገራችን በ2021 በቡድን 20 ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠይቃ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር በመርሕ ደረጃ የተስማማችው በማርች 2025 ነው፤ የአበዳሪዎቹን ኮሚቴ ከፈረንሳይ ጋር የምትመራው ቻይና ናት።

የጅቡቲው ባቡር ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር በኦክቶበር 2016 ተመርቆ በጃንዋሪ 2018 መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል፤ አስተዳደሩም በ2024 ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ እጅ ገብቷል። እኛ ለላኪ የምናየው ጉድለት የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሐዲዱ በገላንና በዱከም አካባቢ ያልፋል፤ መጋዘኑ ግን ከሐዲዱ ጋር አይገናኝም። ኮንቴይነሩ መጋዘን በር ላይ መኪና ይጫናል፣ እንዶዴ ባቡር ጣቢያ ይወርዳል፣ እንደገና ባቡር ላይ ይጫናል። ሁለት ጊዜ ማንሳት ሁለት ጊዜ ክፍያ ነው፤ መኪናው ከተገኘማ ባለቤቱ በዚያው ጅቡቲ ይውረድልኝ ይላል። የሚቀጥለው ብድር መጠየቅ ያለበት ለሌላ ረጅም ሐዲድ አይደለም፤ ለአጭር መጋቢ ሐዲድ፣ ለክሬንና ለኮንቴይነር ማስቀመጫ ሜዳ ነው።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ ቢባል መልሱ አለን። ቶሎ የሚያልቁት ዕቃዎች፣ የፍሬን ሸራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ፣ ኩሽኔታው፣ ከላይ ካለው ሽቦ ኃይል የሚቀበለው የካርቦን ጥፍጥፍ፣ ፊልተሩ፣ በየክፍል ቁጥራቸው ተዘርዝረው ለ5 ዓመት የሚበቃው ከባቡሩ ጋር በብድሩ ይግባ። ከዚያ በኋላ የሚገዛበት ዋጋ በምን ቀመር እንደሚጨምር ይወሰን። የማሽኑ ሥዕልና የመቆጣጠሪያው ሶፍትዌር የይለፍ ቃል በርክክብ ቀን ይሰጥ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀውም ያገሬው ቡድን አንድ ሙሉ የጥገና ዙር ብቻውን ፈትቶ ገጥሞ ካሳየ በኋላ ይሁን። ይህ ለመንግሥት ብቻ አይደለም፤ አንድ የማበጠሪያ መስመር የሚገዛ ነጋዴም ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ማሽኑን የሚተክለው ኢንጂነር አስነስቶ ይለፍ ቃሉን ይዞ ከተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ የሚበላሸው ሁሉ ቻይና ድረስ ስልክ ያስደውላል።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ እኩል ሰጥተን እኩል እንቀበል የሚለው ነው። ሐሳቡ ክብር ያለው ይመስላል፣ የሚጎዳው ግን ደካማውን ነው። የዓለም የንግድ ሕግ ራሱ ከ1979 ጀምሮ ታዳጊ አገር ያህሉን ሳይሰጥ እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ ይህን መብት በፈቃዳችን የምንመልስበት ምክንያት አይታየንም። እኛ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው በቁጥር 1001 መመሪያ፣ ቅድመ ሁኔታ ያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ጥሬ ቡናና የቅባት እህል እንዲልኩ ፈቅደናል። የቻይና ገዢ ዛሬ ገላን ላይ መጋዘን ይዞ ከገበሬው ደላላ ሊገዛ ይችላል፤ የኛ ላኪ ቺንግዳዎ ላይ እንደዚያ የሚያደርግበት ካፒታል የለውም። በወረቀት እኩል የሆነ በር በተግባር የሚገባበት አንዱ ነው።

በድርድር ልንጠይቅ የሚገባው ከቀረጥ ሌላ ነው። ኬንያ እጅግ አነስተኛ ልማት ካላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ሆኖም በ2022 ትኩስ አቮካዶዋን ቀረጥ እየከፈለች ቻይና አስገብታለች። ያስገባት የዕፅዋት ጤና ስምምነት መፈራረሟ፣ የአትክልት ቦታዎቿንና ማሸጊያዎቿን አስመርምራ ማስመዝገቧ ነው። እኛም ለየምርቱ እንዲህ ዓይነት ስምምነት እንጠይቅ፤ አቮካዶውንም ሥጋውንም። የላብራቶሪያችን ውጤት እዚያ ተቀባይነት እንዲያገኝ ዕቃው፣ ሠልጣኙና የሁለትዮሽ ፍተሻው በዕርዳታው ዝርዝር ውስጥ ይግባ። የምዝገባ ማመልከቻ ስንት ቀን እንደሚወስድ በስምምነቱ ይጻፍ። ጭነት ሲታገድም ምክንያቱ በጽሑፍ፣ ከናሙናው ውጤት ጋር፣ ለላኪውም ለግብርና ባለሥልጣኑም በተወሰነ ቀን ውስጥ ይላክ፤ እዚህ ያለው ማበጠሪያ የትኛው ወንፊት ወይም የትኛው ቫልቭ እንዳሳሳተው የሚያውቀው ያ ወረቀት ሲደርሰው ነው።